መጠጥ ቤቱና ደራሲዎቻችን

በዚህች በእጅ እየተገለበጠች በምትዞር መጽሔታችን ባለፉት ወራት ከወጡት አጫጭር ልብ ወለዶች መካከል አራቱ የሚጀምሩት አዲስ አበባ ውስጥ፣ መጠጥ ቤት ነው። በአራቱም ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፤ ጭሱ ወፍራም ነው፤ ከባንኮኒው ኋላ አንዲት ሴት ቆማ ታለቅሳለች፤ ባለታሪኩም ሰክሮ ሲወጣ ዝናብ ይቀበለዋል። ጸሐፊዎቹ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸውና የምንናገረው ለማሳፈር አይደለም። ግን አንድ ጥያቄ አለን፦ ይህ ቤት የት ነው? ምንስ ይሸጣል?

የአዲስ አበባ ሰው «መጠጥ ቤት ልሂድ» ብሎ ከቤቱ አይወጣም። ጠላ ቤት ይሄዳል፤ በአጥር ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ አይቶ ይገባል፤ የሚቀመጠውም በአንዲት እናት ሳሎን ውስጥ፣ ልጆቿ የቤት ሥራቸውን ከሚሠሩበት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ጠጅ ቤት ከሄደ አንገተ ቀጭኗን ብርሌ ይጨብጣል፤ ጠጁ ማሩ የበዛበት ይሁን ስኳር የገባበት፣ ጌሾው ይጠንክር ይላላ፣ ከአንድ ጉንጭ በኋላ ብያኔ ይሰጣል። ቡና ቤት የሚባለው ደግሞ ስሙ ቡና ይሁን እንጂ ዋና ገበያው ቢራ ነው። ግሮሰሪ አለ፤ ከአንድ ክፍል የማትበልጥ፣ ደንበኛው ቆሞ ቢራውን ወይም በመለኪያ አረቄውን የሚጠጣባት፣ ባለቤቷ የሰፈሩን ዱቤ በደብተር የሚይዝባት ቤት። እንግዲህ ከአራቱ ታሪኮች በአንዱ ውስጥ ባለታሪኩ ግሮሰሪ ገብቶ በብርሌ ጠጅ አዝዟል። ይህ ትንሽ ስሕተት ይመስላል። ለእኛ ግን ጸሐፊው በዚያ በር እንዳልገባ፣ ከሌላ ሰው ድርሰት ቀድቶ እንደ ጻፈ ይነግረናል። በየዓይነቱ ቤት የሚገባው ሰው፣ የሚቀመጥበት፣ የሚወራው፣ የሚከፈለው ሁሉ ይለያያልና።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ የከበደ እንከን አለበት። ዘመኑ 1970 ዓ.ም. ነው ይለናል። ባለታሪኩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከቡና ቤት ወጥቶ በፒያሳ ብቻውን እያንጎራጎረ ይሄዳል። በዚያ ዓመት! ቀይ ሽብር በከተማው ላይ በወረደበት፣ የሰዓት እላፊ ዐዋጅ በጸናበት ወቅት! ያ ሰው አንድ መቶ እርምጃ ሳይሄድ ታሪኩ ባበቃ ነበር። በዚያ ዘመን ሌሊቱን መዝናናት የፈለገ ሰው እላፊው ሳይደርስ ወደ ቤቱ ይሮጥ ነበር፤ አለዚያም በሩ ተዘግቶበት ዐዋጁ እስኪያበቃ ድረስ እዚያው ያድር ነበር። ልብ በሉ፣ እውነተኛው ነገር ጸሐፊው ከፈጠረው ይልቅ ለልብ ወለድ የተመቸ ነው። እስኪነጋ አብረው የተዘጉ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን የማያምን፣ ማን ካድሬ እንደ ሆነ የማይታወቅበት ክፍል! ዝናቡን ትቶ ይህንን ቢጽፍልን ምን ነበረበት?

ስለ መጠጥ ቤት ሲነሣ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ» ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ቦታው ውቤ በረሃ ነው፤ በደጃዝማች ውቤ አትናፍ ሰገድ ስም የሚጠራው ያ የአራዳ ሰፈር። መጽሐፉ በመጽሐፍነት ሳይታተም ለብዙ ዓመታት በጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል፤ የፈረንሳይኛው ትርጉም የወጣው በ1996 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2004) ነው። እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለብን። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን ይህንን መጽሐፍ «ብልግና ነው» ተብለን ነበር። እኛም ሳናነብ ተቀበልን፤ አስተማሪዎች በሆንን ጊዜም ያንኑ ቃል ለተማሪዎቻችን ደገምነው። ያላነበቡትን መጽሐፍ እንዲጠሉ ያስተማርናቸው ልጆች ስንት እንደ ሆኑ ስናስበው ዛሬም ያሳፍረናል። በኋላ ስናነበው ያገኘነው ሌላ ነው። ስብሐት በውቤ በረሃ ሴቶች ላይ አይፈርድም፤ አያለቅስላቸውምም። ያዳምጣቸዋል። ሲሳሳቁ፣ ሲጣሉ፣ በገንዘብ ሲከራከሩ እንሰማቸዋለን። ቃሉ አንዳንዴ ከሚያስፈልገው በላይ ይገልጣል፤ ይህንን አንክድም። ሆኖም በእኛዎቹ አራት ታሪኮች ውስጥ ያለችው ሴት ከማልቀስ በቀር አንዲት ሙሉ ዐረፍተ ነገር አትናገርም፤ ስምም የላትም። ከሁለቱ የትኛው ነው ሴትን የሚያዋርድ?

በዓሉ ግርማም በ1975 ዓ.ም. በወጣው «ኦሮማይ» ላይ የአስመራን ሌሊት ሲያሳየን መጠጡን ለጌጥ አላመጣውም። ቀን በስብሰባ አዳራሽ የማይባለው ነገር ሌሊት ይባላልና ነው።

ከሁሉ ያዘንነው ግን አዝማሪ ቤት በአንዱም ታሪክ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ካዛንቺስን የምታውቁ (ስሙ ራሱ ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠሩበት ድርጅት፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» የቀረ ነው) ታስታውሱታላችሁ። አዝማሪው በማሲንቆው እየዞረ እንግዳውን ያወድሳል፣ ይወጋል፤ እንግዳውም «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ ያዜማል። አድማጩ ወርቁን ካገኘው ቤቱ በሳቅ ይናጋል፤ ስንኙ ሰም ብቻ ከሆነ ማንም ዞር ብሎ አያይም። እኛ በኮሌጅ ሒስን በማስታወሻ ደብተር ተማርን፤ እዚያ ግን የቀን ሠራተኛውና ባለታክሲው በአንድ ብርሌ ጠጅ ሲያካሂዱት አይተናል።

ይህንን ሁሉ የምናበዛው በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ሰፈሮች ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ተራ ደረሰ። ጠጅ ቤቱም፣ ግሮሰሪውም፣ የዱቤው ደብተርም አብረው ሄዱ። ነገ ከዚህ መጠለያ ተነሥተን ብንመለስ እንኳ ሄደን የምናረጋግጥበት በር የለም። እንግዲህ የጣሳውን ቦታ፣ የአግዳሚውን ርዝመት፣ የጠጁን ዋጋ የሚያስታውስ ሰው ቢኖር እዚህ መካከላችን ያለ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ በፋንታው ደብዛዛ መብራትና ዝናብ ይጽፍልናል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በሦስተኛው ታሪክ ውስጥ የወደድነው አንድ መስመር አለ። አሳላፊዋ ጠርሙስ በከፈተች ቁጥር ቆርኪውን በሽርጧ ኪስ ትከታለች፤ ሰካራሙ «አራት ነው የጠጣሁት» ብሎ ሲሟገት ሰባቱን ቆርኪ በባንኮኒው ላይ ትደረድርለታለች። ጸሐፊው ይህንን በሁለት መስመር አልፎ ወደ ለቅሶው ሮጠ። ታሪኩን እንደገና እንዲጽፈው፣ ከቆርኪዎቹም እንዲጀምር እንጠይቀዋለን። ስሟንም ይንገረን።