ኢኮኖሚክስ ምን ያጠናል? የሮቢንስ ብያኔና የትምህርት ቤት አያያዙ

በርካታ የኢኮኖሚክስ መማሪያ መጻሕፍት የሚጀምሩት በአንድ ብያኔ ነው፤ ይኸውም የሰው ልጅ ፍላጎት ወሰን የለውም፣ ሀብቱ ግን ውሱን ነው፣ ትምህርቱም በሁለቱ መካከል የሚደረገውን ምርጫ ይመረምራል የሚለው ነው። ተማሪው ይህን ሸምድዶ ለፈተና ይቀርባል። የብያኔው ዋና ምንጭ እንግሊዛዊው ሊዮኔል ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1932 ስለ ኢኮኖሚክስ ሳይንስ ባሕርይና ፋይዳ ያሳተሙት አነስተኛ መጽሐፍ ሲሆን፣ ወደ መማሪያው ሲሻገር ከፍሬ ነገሩ ከፊሉ ተንጠባጥቦ ቀርቷል።

የሮቢንስ ሐሳብ ከዚህ ይረቃል። የሀብቱ ውሱንነት ብቻውን አይበቃም፤ ሀብቱ ለተለያየ ጥቅም ሊውል የሚችል፣ ግቦቹም በክብደት የሚበላለጡ መሆን አለባቸው። ለቤተ መጻሕፍት የታሰበ ክፍል ለመማሪያ ክፍልነት ቢውል፣ የቀረው ቤተ መጻሕፍት የምርጫው ዋጋ ነው። መማሪያው ይህን ሲዘል ተማሪው እጥረትን ከድህነት ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ባለጸጋ አገርም መምረጥ ግድ እንደሚሆንበት አይታየውም።

ብያኔው ውለታ አለው። አልፍሬድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተሙት መጽሐፍ ትምህርቱን ለደኅንነት ከሚያስፈልጉ ቁሳዊ ነገሮች ጋር አያይዘውት ነበር። የመምህር አገልግሎት ግን የሚጨበጥ ዕቃ ባይሆንም ዋጋ አለው። ሮቢንስ ይህን አጥር አፍርሰዋል።

ጉድለቱን ለማየት መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት ማስታወስ ይበቃል። በዚያው በ1932 በብሪታንያ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሥራ አጥ ተመዝግቦ ነበር። የሠራተኛ እጅና የፋብሪካ መሣሪያ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት አገር ጥያቄው ውሱኑ ሀብት ለየትኛው ጥቅም ይዋል ሳይሆን፣ ያለው ሀብት ስለምን ቦዘነ የሚል ነበር። ለዚህ ጥያቄ፣ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው ላነሡት፣ ብያኔው ቦታ አላዘጋጀም። ሮቢንስ ራሳቸው በዚያ ዘመን መንግሥት በሕዝባዊ ሥራዎች ላይ ወጪ እንዲያደርግ የቀረበውን ሐሳብ ተቃውመው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመው ግለ ታሪካቸው ግን አቋማቸውን የሙያ ዘመናቸው ትልቁ ስሕተት ብለውታል።

ሁለተኛው ጉድለት ግብን ይመለከታል። እንደ ሮቢንስ አመለካከት ኢኮኖሚስት ግቦችን እንደ ተሰጡት ይቀበላል እንጂ በመካከላቸው አይፈርድም። ሆኖም እኚሁ ሰው በሊቀ መንበርነት የመሩት የብሪታንያ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ሪፖርት፣ የተማሪውን ቁጥርና ወጪውን ከማስላቱ በፊት የከፍተኛ ትምህርት ዓላማ ምን መሆን እንዳለበት ይተነትናል። ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ከብያኔው ይልቅ ይህ ቅደም ተከተል ሳይጠቅም አይቀርም። የክፍሉ መምህርም ብያኔውን በመጀመሪያው ሳምንት ከማስጻፍ፣ ተማሪዎች የአካባቢያቸውን ገበያ፣ ሥራ ያጣውን ወጣትና ጦሙን ያደረውን ማሳ ከተመለከቱ በኋላ ቢያቀርበው፣ ምን እንደሚይዝና ምን እንደሚተው ራሳቸው ሊመዝኑት ይችላሉ።