የጉርጦች ፕሬዚዳንትና ፈጣሪው፦ የሙስጠፋ አላሳን የአኒሜሽን ፊልሞች

ስለ አፍሪካ የሲኒማ ጥበብ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠራው የሴኔጋሉ ኡስማን ሴምቤን ነው፤ ይህም የሚገባው ክብር ነው። ይሁንና ሴምቤን «ቦሮም ሳሬት» የተባለውን አጭር ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1963 ለተመልካች ከማቅረቡ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በኒጀር ሪፐብሊክ ሙያው መካኒክነት የሆነ የሃያ ዓመት ወጣት ካሜራ ጨብጦ «አውሬ» የተሰኘ ፊልም ሠርቶ ነበር። (ርእሱ ለአማርኛ ጆሮ የዱር እንስሳ ቢመስልም በሐውሳ ቋንቋ ጋብቻ ማለት ነው።) ይህ ወጣት ሙስጠፋ አላሳን ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሥዕል እየሣለ፣ ሥዕሎቹንም አንድ በአንድ በካሜራ እያነሣ እንዲንቀሳቀሱ በማድረግ፣ ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው የአህጉራችን ክፍል የአኒሜሽን፣ በተለምዶ የካርቱን ፊልም የሚባለውን ጥበብ የጀመረ ሰው ተብሎ ለመታወቅ በቅቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸው ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አላሳን የተወለደው በ1942 ነው። በዚያን ጊዜ ኒጀር የፈረንሳይ ቅኝ ነበረች። ቅኝ ገዥው መንግሥት በ1934 ባወጣው ድንጋጌ መሠረት በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች ያለ ባለሥልጣን ፈቃድ ፊልም ማንሣት የተከለከለ ስለ ነበር፣ አፍሪካዊው በገዛ አገሩ የሚታይ እንጂ የሚያሳይ አልነበረም። አገሪቱ ነሐሴ 3 ቀን 1960 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ወጣቱ መካኒክ በኒያሜ ሙዚየም አካባቢ ይሠራ ከነበረው ከፈረንሳዊው የሕዝቦች አኗኗር ተመራማሪና የፊልም ሰው ከዣን ሩሽ ጋር ተዋወቀ፤ የካሜራን ሥራም ከእርሱ ዘንድ ቀሰመ። ቀጥሎም ወደ ካናዳ ተሻግሮ የአኒሜሽን ሊቅ ከነበረው ከኖርማን ማክላረን ዘንድ ትምህርት አገኘ።

የሩሽ ደቀ መዝሙር መሆን በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። በ1965 ሴምቤንና ሩሽ ፊት ለፊት በተከራከሩበት ጊዜ፣ ሴምቤን እነዚህ ተመራማሪዎች አፍሪካውያንን የሚመለከቱት እንደ ነፍሳት ነው ሲል ከስሷል። ክሱ ከባድ ነው፤ ሐሰትም አልነበረም። አላሳን በዚህ ክርክር ውስጥ ስሙ ጎልቶ አልተሰማም። መልሱን ግን በሥራው ሰጥቷል ማለት ይቻላል። ሌሎች አፍሪካዊውን እንደ ነፍሳት አዩት በተባለበት በዚያው ሰሞን፣ እርሱ በፈቃዱ ጉርጥ ሣለ፤ ለጉርጡም ዙፋን፣ አሽቃባጭ፣ የክብር ዘብና የፕሬዚዳንትነት ማዕርግ ሰጠው። ከላይ ሆኖ ሰውን ወደ እንስሳ የሚያወርደው የባዕድ ዓይንና፣ ከመካከል ሆኖ ሹሙን በእንስሳ የሚመስለው የተረት አፍ ፈጽሞ የማይገናኙ መሆናቸውን እነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የአኒሜሽን ሥራው «የጋንጂ ሞት» በ1965 የተጠናቀቀ ሲሆን የጉርጦች ንጉሥንና በዙሪያው የተኮለኮሉትን ባለሟሎች ይመለከታል። በ1966 በዳካር በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም የጥቁር ሕዝቦች የኪነ ጥበባት ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል። ሥራው የጀማሪ እጅ ያለበት ነው። የሚከተለው ፊልም ግን ከጀማሪነት ብዙ ርቆ ሄዷል።

«መልካም ጉዞ ሲም» በ1966 የተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲሆን ርዝመቱ አምስት ደቂቃ ያህል ነው። የጉርጦች ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት የሆነው ሲም በጎረቤት አገር ፕሬዚዳንት ተጋብዞ ለጉብኝት ይሄዳል። አሸኛኘት አለ፤ አቀባበል አለ፤ ሙዚቃና ሰልፍ አለ። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን የተወው ሥልጣን በቦታው አይጠብቀውም። ታሪኩ ይኸው ነው።

የፊልሙን ብልኀት ለመረዳት የአኒሜሽንን አሠራር ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። የሲኒማ ፊልም በአንድ ሰኮንድ 24 ምስሎችን ያሳልፋል። ስለዚህ የአምስት ደቂቃ ፊልም 7,200 ምስሎች ይኖሩታል፤ አንዱ ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ቢነሣ እንኳ 3,600 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ይህን ሥራ ለብዙ ሠዓልያን ያከፋፍላሉ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ግን መቆጠብ አለበት፤ የቁጠባውም ዋነኛ መንገድ የተሣለውን እንቅስቃሴ ደጋግሞ መጠቀም ነው። ባንድ በኩል ሲታይ ይህ ጉድለት ነው። ነገር ግን በዓለም ላይ በተፈጥሮው ድግግሞሽ የሆነ ነገር ቢኖር የመንግሥት ሥነ ሥርዓት ነው። ሰላምታው አንድ ዓይነት፣ እርምጃው አንድ ዓይነት፣ ጭብጨባውም አንድ ዓይነት ነው። አላሳን የእጁን እጥረት የሚሸፍንበትን ጉዳይ ሳይሆን እጥረቱ ራሱ የሚናገርበትን ጉዳይ መረጠ። ሲም እንደ ሌሎቹ ጉርጦች ጉርጥ ነው፤ ፕሬዚዳንት ያደረገው በዙሪያው የሚደረገው ሥነ ሥርዓት ብቻ ነው። ጉርጥ ደግሞ ፍጥረቱ መነፋት ስለ ሆነ ለሠዓሊው ተጨማሪ ማጋነን አላስፈለገውም።

ፊልሙ በተሠራበት በ1966፣ በየካቲት ወር፣ የጋናው ክዋሜ ንክሩማ ወደ ሃኖይ በሚጓዙበት ጊዜ በአገራቸው የጦር መኮንኖች ከሥልጣን ተወግደዋል። ኢትዮጵያዊ ተመልካችም ቢሆን የሲምን ጉዞ ሲያይ በታኅሣሥ 1953 በእኛ አቆጣጠር ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የተደረገውን የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ማስታወሱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ሲምን ከአንድ መሪ ጋር ብቻ ማቆራኘት ፊልሙን ማሳነስ ይሆናል። በኒጀርም ራሷ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አማኒ ዲዮሪ በሚያዝያ 1974 በወታደሮች ተገልብጠዋል፤ ፊልሙ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተሠራ በመሆኑ ስለ እርሳቸው ውድቀት የተሠራ ነው ሊባል አይችልም። አላሳን የሣለው ሰውዬውን ሳይሆን ወንበሩን ነው።

በዚህ ፊልም ላይ ሁለት ተቃውሞ ማንሣት ይቻላል። አንደኛው፣ ነፃ ከወጣ ስድስት ዓመት ያልሞላውን አገር መሪዎች በባዕድ ፊት መሣቂያ ያደርጋል የሚል ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ ሲም ከወረደ በኋላ ምን ዓይነት ሥርዓት ሊመጣ እንደሚገባው ፊልሙ አያመለክትም የሚል ነው። ለመጀመሪያው መልስ የሚሆነው ሩቅ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የደረሱት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የቤተ መንግሥቱን ብልሹነት በእንስሳት አስመስሎ የሚያሳይ ስለ ነበር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ተውኔቱን ያገዱት ሰዎች የተቆጡት በባዕዳን ፊት ተዋረድን ብለው አልነበረም፤ ራሳቸውን ስላወቁበት ነው። ጦጣ፣ ጅብና አንበሳ ሲነጋገሩ እየሰማ ያደገ ሕዝብ በእንስሳት ስም ሹምን መውቀስ ከማንም አልተበደረም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፊል እውነትነት አለው። «መልካም ጉዞ ሲም» መንገድ አያሳይም። ሕዝቡ በፊልሙ ውስጥ አጅቦ ይሸኛል፣ ኋላም ይጥላል፤ በመካከል ምን እንዳሰበ አናውቅም። ረዥም ፊልም ቢሆን ይህ ባዶነት አይታለፍም ነበር። በአምስት ደቂቃ ግን አንድ ነገር በትክክል ማሳየት፣ ሦስት ነገር በደፈናው ከመስበክ ይሻላል።

አላሳን በዚያው ዓመት ተዋንያን የሚጫወቱበት «የጀብደኛው መመለስ» የተባለ ፊልምም ሠርቷል። አንድ ወጣት ከአሜሪካ የካውቦይ ልብስ ይዞ ይመለስና ጓደኞቹን ያለብሳል፤ መንደሩም በሽጉጥና በፈረስ ይታወካል። በ1972 የወጣው «ሴት፣ ቪላ፣ አውቶሞቢል፣ ገንዘብ» የከተማ ሠራተኛውን የምቾት ጥማት የሚነቅፍ ነው። ሁለቱም ከአኒሜሽን ሥራዎቹ ጋር አንድ አሳብ ይጋራሉ፤ የሰው ልብስ የለበሰ ሰው የልብሱ ባሪያ ይሆናል። ነገር ግን በኋለኛው ፊልም ትምህርቱ ከታሪኩ ቀድሞ ይሮጣል። የጉርጡ ሥዕል በዝምታ የተናገረውን እዚህ ተዋንያኑ በአፋቸው ይደግሙታል።

በ1977 አላሳን ወደ አሻንጉሊት ዞረ። «ታላቁ ሳምባ» በምዕራብ አፍሪካ የሚነገረውን የጀግናው ሳምባንና የልዕልቲቱን ትውፊት የሚተርክ ባለ ቀለም ፊልም ነው። በሥዕል ፈንታ አሻንጉሊት በጥቂት በጥቂቱ እየተንቀሳቀሰ ይነሣል። የእጅ ሥራው የሚደነቅ ነው። ጨርቁ፣ ቀለሙና የመልኩ አሠራር የአገሩን የዕደ ጥበብ ሰው ያስታውሳል። ሆኖም ጀግንነት ለአሻንጉሊት ይከብደዋል። ጉርጡ የሚያስቀው ባለመመቸቱ ነበር፤ ሳምባ ግን ግርማ እንዲኖረው ሲፈለግ የእጅና የእግሩ መገተር ግርማውን ይቀንሰዋል።

ከ«ታላቁ ሳምባ» እስከሚቀጥለው ታዋቂ የአኒሜሽን ፊልሙ 24 ዓመታት አሉ። በመካከሉ አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞችን ሠርቷል፤ በታዋ ከተማም ሆቴል እያስተዳደረ ኖሯል። ስለ እርሱ የሚጽፉ ብዙዎች ይህን ሲያነሡ በትንሽ ነገር ብዙ የሠራ ሰው እያሉ ያሞግሱታል። ሙገሳው አደገኛ ነው። ድህነትን የጥበብ ጸጋ አድርጎ ማቅረብ፣ ለጥበብ ሰው መሣሪያ ማቅረብ የሚገባውን ሁሉ ከኃላፊነት ነፃ ያወጣል። በፈረንሳይኛ ተናጋሪው አፍሪካ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሲኒማ ቤቶችን ፊልም የሚያከፋፍሉት ኮማሲኮና ሴክማ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ኩባንያዎች ነበሩ። የአምስት ደቂቃ የጉርጥ ፊልም በዚያ ገበያ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። የኡዋጋዱጉው ፌስቲቫል በ1969 መመሥረቱ ለአፍሪካ ፊልም መታያ መድረክ ከፈተ፤ ነገር ግን መድረክ የቀን ከቀን የሥራ ቦታ አይሆንም።

በዚህ ረገድ መምህሩን ማክላረንን ማየት ይበቃል። ማክላረን በፊልም ሪባን ላይ በእጁ እየሣለ፣ ማንንም ሳይመስል፣ እንደ ፈቀደው ሞከረ፤ ይህን ያደረገው ግን በ1939 በተቋቋመው የካናዳ መንግሥት የፊልም ድርጅት ውስጥ፣ ከ1941 ጀምሮ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል በሕዝብ ገንዘብ ደመወዝ እየተከፈለው ነው። ደመወዙ እጁን አላሰረበትም። አላሳን ከካናዳ ይዞት የተመለሰው ጥበቡን እንጂ ተቋሙን አልነበረም። ተቋሙን ሊገነባለት የሚችል መንግሥት የሲምን ፊልም አይቶ ይስቅ ነበር ወይስ ይቆጣ የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ያለ የኪነ ጥበብ መሥሪያ ቤት በየግሉ የሚመልሰው ነው።

በ2001 «ኮኮዋ» ወጣ። ስሙ የኒጀር ሕዝብ እጅግ የሚወደው የባህላዊ ትግል ስም ነው። ትግሉን የሚገጥሙት እንቁራሪት፣ እስስትና ሌሎች ትንንሽ ፍጥረታት ናቸው፤ ሁሉም አሻንጉሊቶች ናቸው። በ«ታላቁ ሳምባ» የታየው መገተር እዚህ ጠፍቷል። ምክንያቱም ታጋይ ሲጠባበቅ ይገተራል፤ ሲይዝ በድንገት ይወራጫል፤ የአሻንጉሊቱ አካሄድና የታጋዩ አካሄድ አንድ ሆነዋል። ሲም በተነፋበት ቦታ እነዚህ ፍጥረታት ይለካካሉ፣ ይያያዛሉ፣ አቧራ ላይ ይወድቃሉ። ማዕርግ የለም፤ የሚያሸንፈው ጎኑን ጠብቆ የቆመው ነው። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2017 የአላሳንን ፊልሞች ሰብስቦ ባሳየ ጊዜ ፈጣሪያቸው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። «ኮኮዋ»ን ሲጨርስ ዕድሜው 59 ዓመት ገደማ ነበር፤ ከእጁ ከወጡት የአኒሜሽን ሥራዎች ሁሉ ወጣትነት የሚታይበትም ይኸው ነው።