የከበሮው ማሽንና የአኮርዲዮኑ ጣት
(ስለ ኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ»)

የኪነ ጥበብ ቅርጽና ይዘት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ባህላዊውን ዜማ ያጠፋዋል የሚል ስጋት አብሮ ይነሣል። ስጋቱ ከንቱ ነው አይባልም። ሆኖም ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ወይስ የተጫዋቹ? ይህ የሚመረመረው በሥራ ላይ ነው፤ ለምርመራውም «ሸሞንሟናዬ» ይመቻል።

የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ፣ ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ እዚያው ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ አኮርዲዮን፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር፣ ያማሃ ዲኤክስ 7ና የከበሮ ማሽን ብቻውን እየደራረበ ቀዳው። ሥራው በካሴት ወጣ። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ዳግም ሲያሳትመው፣ የባሕር ማዶ አድማጭ በሕልም ዓለም የሚያንሳፍፍ ሙዚቃ ነው ብሎ ተቀበለው።

ለእኛ ጆሮ ግን ዜማው የቤት ልጅ ነው። «አምባሰል»ን የሚሰማ ሰው ቅኝቱን ወዲያው ያውቀዋል። ማሽኑ ሳይደክም፣ ሳይፈካም ሳይከፋም ይመታል፤ የአኮርዲዮኑ ጣት ግን ከምቱ ጥቂት ዘግይቶ ይገባል፣ እንደ መሲንቆ መቺም ድምፁን እያርገበገበ ያሳድረዋል። የሥራው ነፍስ ያለችው በዚያች መዘግየት ውስጥ ነው። እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ የማሽኑ ምት ከዘፈን ዘፈን እምብዛም ስለማይለዋወጥ ካሴቱን እስከ ዳር ለሚሰማ ያሰለቻል።

ይህን ጊምቢቹ ላይ ሆኖ ማንሣት ቅንጦት አይደለም። ዛሬ በሶሮም፣ በሆሳዕናም፣ በዱራሜም ለሠርግ አንድ ኪቦርድ ይበቃል እየተባለ፣ ፋብሪካው ሞልቶ የላከው ምት ተከፍቶ ዘፋኙ ከኋላው ይሮጣል። በያሆዴም ሆነ በመሳላ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል፣ ጭብጨባው የሚፈጥነውና የሚረግበው በአውጪው እስትንፋስ ልክ ነው። ማሽኑ ይህን ከየት ያውቃል? ኃይሉ አገልጋይ ያደረገውን ዕቃ የእኛ ወጣቶች ጌታ አድርገውታል።

ኪቦርዱ ከኪነት ቡድን ይውጣ የሚሉ መምህራን አሉ፤ ይህ ጸሐፊ አይስማማም። አሠልጣኙ በመጀመሪያ ዜማውን በባዶ እጅ፣ በጭብጨባ ብቻ ያስጠና፤ ልጆቹ ሲረጋጉ የማሽኑን ፍጥነት ከጭብጨባው ይለካ፤ አልገጥም ካለም ምቱን ዘግቶ ዜማውን ብቻ ያጫውት።