ስለ ድጓ መጽሐፍና ስለ ቤተ ልሔም ምስክር

መጽሐፍን ለመመርመር የሚወድ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም መጽሐፉ ለዓይን ተጻፈ ወይስ ለጆሮ የሚል ነው። የቅዱስ ያሬድ ድጓ በብራና ሲጻፍ ኖሮ በኋላ በማተሚያ ቤት ታትሞ ለብዙ ሰው ደርሷል፤ የከተማ ሰውም ገዝቶ በቤቱ ያኖረዋል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መጽሐፉን የያዘ ሁሉ ዜማውን የያዘ እንዳይመስለው ስለ ድጓ ጠባይ ጥቂት ቃል መናገር ይገባል።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረ ነው። ድጓውም የዓመቱን በዓላት ዮሐንስ፥ አስተምሕሮ፥ ፋሲካ ብሎ ይከፍላል፤ የዐቢይ ጾሙም ጾመ ድጓ ተብሎ ለብቻው ይቆማል። ዜማው ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ነው። እስከዚህ ያለውን ማንም አንባቢ ከመጽሐፍ ሊያገኘው ይችላል።

ጭንቁ ያለው ከቃሉ በላይ በተቀመጡት ትናንሽ ምልክቶች ነው። ድፋት ድምፅን ዝቅ ያደርጋል፤ ርክርክ ያርገበግባል፤ ቍርጥ ያቋርጣል። ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው በቀር በመቶ የሚቈጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ። እነርሱንም በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩአቸው ይነገራል። ዘመኑ በግራኝ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት የተቃጠሉበት ነበረና፥ ሥራቸው እጅግ የሚያስፈልግ ነበረ።

ይሁን እንጂ የፊደሉን ምልክት አሠራር ልብ እንበል። ፊደሉ ከአንድ ከታወቀ የዜማ ቃል ተቈርጦ የተወሰደ ነው፤ ትርጕሙም «ይህን ቃል በዚያ በምታውቀው ቃል ዜማ በለው» ማለት ነው። እንግዲህ ያን ቃል በጆሮው ያልሰማ፥ በቃሉም ያላጠና ሰው ምልክቱን ቢያይ ምን ይጠቅመዋል? ምልክት ያስታውሳል እንጂ አያስተምርም።

ስለዚህ አባቶቻችን ብራናውን ብቻ ሳይሆን ጉባኤውንም ተከሉ። በዚህ በደብረ ታቦር፥ በገሳይ፥ በጋይንትና በእስቴ ደጋ ብቻ እንኳ ብንቈጥር፥ የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ናት፤ ቆማ በራሷ ስልት ትታወቃለች፤ ደብረ ታቦርም ከአለቃ ገብረ ሐና የመጣውን፥ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራውን አቋቋም ይዛለች። የድጓው ቃል አንድ ሲሆን የቤተ ልሔምና የቆማ ዜማ መለያየቱ፥ ዜማ በመጽሐፍ ብቻ እንደማይገኝ ያስረዳል።

አንዳንድ ሰው፥ ዛሬ ዜማው በእጅ ስልክ ይቀረጻልና መምህር ምን ያደርጋል ይል ይሆናል። ቀረጻ ድምፅን ማቆየቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተማሪ ሲሳሳት ሰምቶ አያርመውም። መምህር ግን ይሰማል፥ ይመልሳል፥ በመጨረሻም ይመሰክራል።

የኅትመቱን ጥቅም የሚክድ የለም። ቀድሞ ተማሪ ቀለም በጥብጦ ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር፤ ኅትመት ይህን ድካም አቀለለለት። ዳሩ ግን ያ ጽሕፈት ራሱ ትምህርት ነበረ፤ ምልክቱን በብራና ላይ ሲያኖር በልቡም ያኖረው ነበርና። ከድካሙ ያተረፈውን ጊዜ በመምህሩ እግር ሥር ካላዋለው ትርፉ ምንድር ነው?

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ የታተመው ድጓ መልካም ነው፥ ግን እኩሌታ ነው፤ እኩሌታው በመምህሩ አፍ አለ። መጽሐፍ ቢቃጠል ከመምህሩ ቃል ዳግመኛ ይጻፋል፤ መምህሩ ሳይተካ ቢያልፍ ግን መጽሐፉ ምልክቱን እያሳየን ዝም ይለናል። ስለዚህ አሳታሚ ሁሉ ምልክቱ የየትኛው ቤት እንደ ሆነ በመጀመሪያው ገጽ ቢገልጽ መልካም ነው። ድጓ የሚገዛም የከተማ ሰው፥ በቍራሽ እንጀራ የሚማረውን የቆሎ ተማሪና ጉባኤውን ያላጠፈውን መምህር ያስብ። የመጽሐፉን ዋጋ የከፈለ ሰው የዜማውን ዋጋ ገና አልከፈለምና።