የተረት አጥር፦ ስለሚያስፈራ ትረካና ፍርሃቱ ስለሚያርፍበት ቦታ

የሚያስፈራ ትረካ በሥነ ቃል ጥናታችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ልጆችን ለመገሠጽ ከሚሰጠው አገልግሎት አንጻር ነው። ጅቡ ሞኝ ነው፣ ጭራቋ ሆዳም ናት፣ ብልህ ልጅ ይድናል ተብሎ ጉዳዩ ይዘጋል። ፍርሃቱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ትረካው ካለቀ በኋላስ በማን ላይ እንደሚያርፍ እምብዛም አንጠይቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በሦስት ትረካዎች አማካይነት ለመመርመር እሞክራለሁ። ሁለቱን የሰማኋቸው ባደግሁበት በገራዶ ነው፤ ሦስተኛው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ነው።

ገራዶ ከደሴ ከተማ ሥር የተዘረጋ ሸለቆ ነው። ሲመሽ ጅብ ይጮኻል። እሳት ዳር ተቀምጦ ተረት የሚሰማ ልጅ የሚፈራውን አውሬ ከደጅ ይሰማዋልና ተራኪው ድምፅ ለማስመሰል ብዙ አይደክምም። ይህ የክዋኔ ዐውድ ከዚህ በታች ለማነሣቸው ለሁለቱ የገራዶ ትረካዎች የጋራ ነው፤ የሚለያዩት በሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው የጭራቅ ተረት ነው። እንጨት ለቀማ የወጡ ልጆች መንገድ ጠፍቷቸው ከአንዲት ሴት ቤት ያድራሉ። ሴትዮዋ ጭራቅ ናት። ሌሊት እየተነሣች ማን እንደተኛ፣ ማን እንደነቃ ትጠይቃለች። ሁልጊዜ የሚመልስላት ትንሹ ልጅ ነው። በመጨረሻም በወንፊት የተቀዳ ውሃ ካልጠጣ እንቅልፍ እንደማይወስደው ይነግራታል። እሷ ወንዝ ወርዳ ከወንፊቱ ጋር ስትታገል ልጆቹ ያመልጣሉ። የተረቱ ጉልበት ያለው በጥያቄው ድግግሞሽ ላይ ነው፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ሰሚውም አብሮ ዐይኑን ላለመክደን ይታገላል። ከዚህም በላይ ተረቱ አጥር አለው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን ተቀብለን እንገባለን፤ ተራኪው አፌን በዳቦ አብሱ ሲል ደግሞ እንወጣለን። ጭራቋ ስም የላትም፤ ቀበሌ የላትም፤ ነገ ገበያ ላይ አናገኛትም።

ሁለተኛው ስለ ቡዳ የሚነገረው ነው። አንድ ገበሬ ሌሊት ወደ በረቱ የመጣ ጅብ እግሩን በጦር ይወጋል። ሲነጋ የመንደሩ ብረት ቀጥቃጭ እያነከሰ ይታያል። ትረካው እዚህ ላይ ያበቃል። በኪነ ጥበብ ሚዛን ከመጀመሪያው አያንስም፤ እንዲያውም በቁጥብነቱ ይልቃል። ተራኪው ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ዝም ይላል፤ የሚያገናኛቸው ሰሚው ነው። ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚሁ ጥበብ ነው። ሰሚው ክፍተቱን ሲሞላ በጎረቤቱ ላይ ይፈርዳል፤ ፍርዱንም የራሱ ግኝት አድርጎ ይይዘዋል። መግቢያና መውጫ የለውም፤ የሚጀምረው «እገሌ በዐይኑ ያየው ነው» ተብሎ ነው።

ይህ ትረካ የገራዶ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ብረት ሠሪ ወደ ጅብ ይለወጣል የሚለውን እምነት መዝግቧል። ሮናልድ ሬሚኒክም እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጥናት ይኸው ስም በመንዝ ርስት በሌላቸው የእጅ ባለሙያዎች ላይ እንደሚለጠፍ አሳይቷል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ትረካው ግን እስከ እኔ ልጅነት ድረስ ዘልቋል።

አጥር የሌለው ትረካ የሚያደርሰውን ጉዳት በግልጽ የሚያሳይ ሥራ ያገኘሁት ከሩቅ አገር ነው። አሜሪካውያን ጥቅምት መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ላይ በሚውለው የሃሎዊን በዓል ሰሞን የሚወዷቸውን አስፈሪ የቴሌቪዥን ክፍሎች መልሰው የማየት ልማድ አላቸው። ከእነዚህ አንዱን ምረጥ ብባል «ዘ ትዋይላይት ዞን» ከተባለው ተከታታይ ድራማ ሮድ ሰርሊንግ የጻፈውንና እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1960 የታየውን ክፍል እመርጣለሁ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጭራቆቹ ሜፕል ጎዳና ሊደርሱ ነው» እንደ ማለት ነው። በአንድ ሰላማዊ መንደር መብራት ይጠፋል፤ መኪኖችም አልነሣ ይላሉ። አንድ ልጅ ካነበበው ልብ ወለድ ተነሥቶ፣ ከሌላ ዓለም የሚመጡ ፍጡራን ሰው መስለው የሚኖሩ ሰላዮችን ቀድመው እንደሚልኩ ይናገራል። ከዚያ በኋላ መኪናው በራሱ የተነሣለት ጎረቤት ይጠረጠራል፤ በጨለማ የመጣው ሌላው ጎረቤት ደግሞ በጥይት ይገደላል። ፍጡራኑ መጨረሻ ላይ ከኮረብታ ሆነው ይታያሉ፤ የእነሱ ድርሻ መብራት ከማጥፋትና ከማብራት አያልፍም። የቀረውን የሠራው መንደርተኛው ነው።

የልጁ ወሬ ከመጽሐፍ ሲወጣ አጥሩን ጥሎ ወጣ፤ የጭራቅ ተረት የነበረው የቡዳ ትረካ ሆነ። ሰርሊንግ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ በራሱ ድምፅ እየገባ ድራማውን ያጥራል፤ በዚህም ሥራው ከእኛው «ተረት ተረት» ጋር አንድ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተረትም አብሮ ወደ ስቱዲዮ ገባ። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ የልጆችን ጊዜ ይዘው ተረት ነግረውናል። ከመድረክ የመጡ ተዋናይ ስለነበሩ የአጥሩን ጥቅም ያውቁ ነበር፤ ሰላምታቸው መግቢያ፣ ምክራቸው መውጫ ነበር። በእርግጥ በስቱዲዮ ብርሃን የሚነገር ተረት ጨለማውን ያጣል፤ የምክሩም ብዛት አንዳንዴ ድንጋጤውን ያለዝበዋል። ይህን ጉድለት አልክድም። ሆኖም በእሳቸው ተረት ምክንያት ጎረቤቱን የጠረጠረ ልጅ አላውቅም።

አጥር ፍርሃትን ያዳክማል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። የወንፊቱ ተረት ይህን አያረጋግጥም። መግቢያና መውጫው እያለ እኛ የገራዶ ልጆች ተረቱን ሰምተን ደጅ ለመውጣት እንፈራ ነበር፤ ጠዋት ግን የምንፈራው ሰው አልነበረም።

ዛሬ በሬዲዮና በስልክ «እውነተኛ ታሪክ» እየተባሉ የሚሰራጩ አስፈሪ ትረካዎች በርካታ ናቸው። ሐያሲ እነዚህን ሲመዝን የድምፁን ውበትና የትልሙን ጥብቀት ብቻ ቢያይ የቡዳውን ትረካ ሊያሞግስ ይችላል፤ በእነዚህ መለኪያዎች ግሩም ነውና። ስለዚህ ሌላ መለኪያ መጨመር ይኖርብናል እላለሁ፦ ትረካው ሲያልቅ ሰሚው ማንን ይፈራል? የሚያነክስ ጎረቤት ያለው ሰው ይህ ጥያቄ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይመስለውም። ራሱ የሚያነክሰውማ መልሱን ከማናችንም በፊት ያውቀዋል።