«ሁሉም ደህና ይሆናል» ስንል፦ አንድ አጭር ፊልምና የእረኝነት አገልግሎታችን

ሕመምተኛ ልንጠይቅ ሄደን «አይዞህ፣ ሁሉም ደህና ይሆናል» ያላልን አገልጋዮች ጥቂት ነን። አሜሪካዊው ዶን ሄርትዝፌልት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው የ17 ደቂቃ አኒሜሽን ርእሱ ይኸው አባባል ነው። ፊልሙ በ2007 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የአጭር ፊልም ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ጨለማና የሚረብሽ ስለሆነ በጉባኤ ፊት አላሳየውም፤ እረኛ ግን ቢያየው ይጠቀማል እላለሁ።

ባለ ታሪኩ ቢል ይባላል፤ ሕፃን በደብተሩ እንደሚሥለው በጥቂት መስመር የተሠራ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነው። መንገድ ላይ የሚያውቀውን ሰው ያገኛል፤ ስሙ አይመጣለትም፤ ሰላምታቸው ተወላግዶ ይለያያሉ። ቀስ በቀስ አእምሮው ይታወካል፤ ቅዠትና እውን ይደባለቁበታል። ቤተሰቡ ሞቱን ይጠብቃል፤ እርሱ ግን ይሻለውና ወደ ተራ ኑሮው ይመለሳል። ሕመሙ ምን እንደ ሆነ አይነገረንም።

ሄርትዝፌልት ሥዕሎቹን በወረቀት ላይ ሥሎ በ35 ሚሊሜትር ፊልም ቀርጿቸዋል። በጥቁሩ ማያ ላይ ትናንሽ መስኮቶች ይከፈታሉ፤ በየመስኮቱ አንድ ትዕይንት ይታያል። ቢል ሲታወክ ምስሎቹና ድምፆቹ ስለሚደራረቡ የቱን እንደምናይ ይጠፋናል። ተራኪው ግን ድምፁን ሳይለውጥ ያወራል። ፊልሙ ጭንቀቱን አያብራራም፤ ያስቀምሰናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚረብሸው የቢል መዳን ነው። ተሽሎት ሳለ ምንም አልተፈታም፤ ሞት ቀኑን አራዘመ እንጂ አልተሸነፈም። ፈውስን የመጨረሻ መልስ አድርገን ለምንሰብክ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። አልዓዛርም ከመቃብር ወጥቶ ኋላ ሞቷል።

«ተስፋ የሌለው ፊልም ለክርስቲያን ምን ይረባዋል?» የሚል ይኖራል። መዝሙር 88ም በጨለማ ያበቃል፤ ሆኖም ከቅዱሱ መጽሐፍ አልወጣም። ነገር ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው። መዝሙረኛው በጨለማ ውስጥ ሆኖ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል፤ ቢል የሚጮኽለት የለውም። ፊልሙ ሕመሙን በእውነት አይቷል፤ ሰሚውን ግን አላወቀም። ከፊልሙ የምንለየው እዚህ ላይ ነው።

ቢሆንም እኛስ? ኤርምያስ 6፥14 የሕዝቡን ቁስል አቅልለው ሰላም የሚያውጁትን ይወቅሳል። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣ እያወቀ አለቀሰ፤ የትንሣኤ ተስፋ እንባውን አላስቀረበትም። «ሁሉም ደህና ይሆናል» ማለት የምንችለው ባዶው መቃብር ስላለ ነው፤ የሕመምተኛው ምርመራ ውጤት ስላማረ አይደለም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጥየቃችን ከመናገራችን በፊት አልጋው አጠገብ እንቀመጥ፤ መዝሙር 88ን አብረን እናንብብ፤ ሕመምተኛው ሊያለቅስ ቢፈልግ ጊዜ እንስጠው።