«ሙሉውን ያንብቡ»፦ ስለ ፍሬሽአርኤስኤስ እና ስለ ቤታችን አሮጌ ላፕቶፕ

ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት ስሄድ ጣርማ በር ላይ ጃኬት እለብሳለሁ፣ ደብረ ሲናን አልፈን ስንወርድ አወልቃለሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጉም ተነስተን፣ ጣሊያኖች በቆፈሩት ዋሻ አልፈን፣ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለው የይፋት ቆላ እንወርዳለን። ዋሻው ውስጥ አንድ ከባድ መኪና ከተበላሸ ሁላችንም ቆመናል። ስለ ኢንተርኔት ሳስብ ትዝ የሚለኝ ይህ ዋሻ ነው።

ሚያዝያ 2015 ለፋሲካ ቤት ስገባ ማንም የማይፈልገውን አሮጌ ላፕቶፕ አንስቼ ኡቡንቱ ጫንኩበት፣ በዶከር ደግሞ ፍሬሽአርኤስኤስን። ፕሮግራሙ ነጻ ነው። የምትከታተሏቸውን ድረ ገጾች የአርኤስኤስ አድራሻ ትሰጡታላችሁ፤ እሱ በየሰዓቱ እየሄደ አዲስ ጽሑፍ ካለ ያመጣና እናንተው ማሽን ላይ ያስቀምጠዋል። ማስታወቂያ የለም። «ይህንንም ሊወዱት ይችላሉ» የሚል የለም። ሥራው ሁሉ ግማሽ ቀን አልፈጀም። የላፕቶፑ ባትሪ ሁለት ሰዓት ስለሚይዝ መብራት ሲጠፋም አይደነግጥም።

ለምን ራሴ ጋ? ጎግል ሪደር የሚባል ነበር፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ሐምሌ 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ጽሑፉን ከድረ ገጹ የሚያመጣው የጎግል ሰርቨር ስለነበር፣ አገር ውስጥ የታገደ ጦማር እንኳን በእሱ በኩል ሊነበብ ይችል ነበር። ይህ ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። በ2004 የተጀመረው የዞን 9 ጦማር ወዲያው ታገደ፣ ስድስቱ ጦማርያን ሚያዝያ 2006 ታሰሩ። ኩባንያው በሩን ሲዘጋ ግን የጠየቀን የለም። የሰው ቤት ነው።

እሺ፣ የራስ ቤት ይሻላል ብለን ጫንን። እዚህ ላይ ግን የፍሬሽአርኤስኤስ አድናቂዎች የማያነሱት ነገር አለ። ሰርቨሩ ሸዋ ሮቢት ከሆነ እገዳውም አብሮት ነው፤ በእናንተው መስመር ነው የሚወጣው። ጀርመን አገር ብትከራዩ እገዳውን ያልፋል፣ ግን በዶላር የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል፤ ኔትወርክ የተቋረጠ ቀን ደግሞ ሰርቨራችሁ ጀርመን ሆኖ እናንተ እዚህ ናችሁ። «የራስ» የሚለው ቃል ሁለቱን ችግር ባንዴ አይፈታም። አንዱን መምረጥ ነው። እኔ ቤቱን መረጥኩ።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ለወራት። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ስልክ በሠራ ቀን ታናሽ እህቴ ደወለች።

«ያ ላፕቶፕህ ይሠራል እኮ! በዋይፋይ ከስልኬ እያነበብኩ ነው።»

ሳቅኩ፤ ኩራትም ተሰማኝ። ራውተሩ ከውጭ ባይገናኝም ቤት ውስጥ ያሉትን ያገናኛል። ቀጥላ ግን፦

«ግማሾቹ ሁለት መስመር ብቻ ናቸው። ከዚያ ‹ሙሉውን ያንብቡ› ይላል። ስነካው አይከፍትም።»

ጥፋቱ የማን ነው? መጀመሪያ የእኔ። ፍሬሽአርኤስኤስ ሙሉውን ጽሑፍ ከገጹ ላይ ለቅሞ እንዲያመጣ ማዘዝ ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የጽሑፉን ክፍል በሲኤስኤስ መለያው መንገር ብቻ ነው። ሰንፌ ተውኩት። እኔ ሁሌም ኦንላይን ነኛ! ፕሮግራሙም እንደ እኔ ነው የሚያስበው፦ ይህን ቅንብር ከእያንዳንዱ ምንጭ ገጽ ስር ቀብሮታል፣ ኢንተርኔት ነገም እንዳለ ቆጥሮ። ከሁሉም በላይ የማዝነው ግን በድረ ገጾቹ ነው። ቁጥር ለመሰብሰብ ሲሉ ሁለት መስመር ሰጥተው በር ይዘጋሉ። በሌላ ጊዜ ይህ ትንሽ ንጭንጭ ነው፤ ያኔ ግን እህቴ ያላት ሁለቱ መስመር ብቻ ነበር።

ሌላም አለ። ዎርድፕረስ ካልተነካ በአርኤስኤስ የሚሰጠው የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ነው። መስመሩ ከወራት በኋላ ሲመለስ ላፕቶፑ ሄዶ 10 ይዞ መጣ። መሃል ላይ የተጻፈው አልመጣም። ዝርዝሩ ውስጥ አሁንም ያ ክፍተት ይታያል፤ ከሐምሌ ዘሎ የሚሄድ ቀን።

በአማርኛ ፍለጋም ይቸገራል። «ዓለም» ብላችሁ ብትፈልጉ «አለም» ተብሎ የተጻፈውን አያገኘውም፤ ለማሽኑ ዓይኑ ዐ እና አልፋው አ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አዲሶቹ እትሞች ሬጌክስ ስለሚቀበሉ «/[አዓዐኣ]ለም/» ብሎ ማምለጥ ይቻላል። እናቴ ግን እንዲህ ትጽፍ?

ቴሌግራም ይበቃ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። ዛሬ የአማርኛ ንባብ ያለው እዚያ እንደሆነ አልክድም፤ አርኤስኤስ-ብሪጅ በሚባል ሌላ ነጻ ፕሮግራም የሕዝብ ቻናሎችንም ወደዚህ ማምጣት ይቻላል። ግን ቴሌግራም ላይ ዝም ያለ ሰው ከሥር ተቀብሮ ይቀራል። እዚህ ዝም ያለ ጦማር ስሙ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ይቆያል፣ ካስቀመጣችሁለት ጽሑፉም። ለእኔ የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ቁምነገር ይህ ነው፤ ያነበባችሁትን ሰው አይረሳባችሁም።

ስለዚህ ጫኑት። ግን የጫናችሁ ዕለት ዋይፋዩን ከውጭ ነቅላችሁ አንድ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ሞክሩ። እኔ ይህን ያደረግኩት እህቴ ከደወለች በኋላ ነው። አሁን በሄድኩ ቁጥር፣ ጃኬቴን አውልቄ ቤት ስገባ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ሙሉው አለ?» ብላ ነው።